በጀርባው የተከፈተው የመሰላል ቤት

እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ቤት እየነደደ መሰላል ፍለጋ የሮጠ ሰው፣ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ቢያገኝ ምን ያድርግ? ባለ ቁልፉ ከመንገዱ እስኪመለስ ተቀምጦ ይጠብቅ? እሳቱን «ትንሽ ታገሠን፣ ሹሙ እንግዳ ሊቀበሉ ወጥተዋል» ይበለው?

ገመድ ገማጇ ይህን ጥያቄ በልቧ እያመላለሰች፣ እጆቿ ከፊቷ ታስረው፣ ወደ አደባባዩ ትነዳለች። የታሰረችው በራሷ ገመድ ነው። በዚያ ከተማ ከሟች አባቷና ከእሷ ሌላ ገመድ የሚገምድ ስላልነበረ፣ በሌላ ሊያስሯት ቢፈልጉም አያገኙም ነበር። ዘበኛው ጫፉን ይዞ ከኋላዋ ይከተላል።

«ወንድሜ፣ ይቺን ቋጠሮ ማን ቋጠራት?»

«እኔ ነኛ። ምነው፣ አጠበቅኩብሽ?»

«ኧረ ላላች! እንዲህ የተቋጠረ ገመድ አደባባዩ ሳይደርስ ይፈታል። ኋላ አመለጠች ተብሎ የሚገረፈው የአንተ ጀርባ ነው።»

ዘበኛው ቆም ብሎ ግራ ቀኙን ቃኘና ቋጠሮውን እንደገና ሠራው። እሷም አውራ ጣቷን ዘርግታ ጫፉ በየት በኩል እንደሚገባ አሳየችው።

«በሞቴ እታለም፣» አለ፣ «አንቺ እስረኛ ነሽ ወይስ አሳሪ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም፤ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሲደርሱ የጥላሸቱ ሽታ አፍና አፍንጫቸውን ዘጋው። ከሻማ ሠሪው ሱቅና ከላዩ ከነበረው የልብስ ሰፊው ክፍል የተረፈው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። በግድግዳው ላይ መስኮቱ እንዳለ አለ። በዚያ መስኮት ዛሬ ሰማይ ይታያል። ዘበኛው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ እስክታልፈው ድረስ አየችው፤ ልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድሟ ነበርና።

የተከሰሰችው ቤት በማፍረስ ነው፤ ያውም የመንግሥት ጎተራ በማፍረስ! ጎተራ የተባለው ምን እንደሆነ ላላየው ሰው እንንገር። ከከተማው የውኃ ጉድጓድ አጠገብ አንድ ዝቅ ያለች፣ ረዘም ያለች ቤት ነበረች፤ ግድግዳዋ እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኗ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ መስኮት የላት፣ ወለሏ አፈር። የመሰላል ቤት ይሏታል። በአያቶቻቸው ዘመን አንድ ሰፈር ሙሉ በእሳት ሙልጭ ብሎ ከጠፋ በኋላ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ተማክረው ያቆሟት እነሱው ናቸው፤ ጭቃዋን በእግራቸው ረግጠው፣ ድንጋይዋን በትከሻቸው ተሸክመው። ከዚያ ወዲህ ፎቅ የሠራ ሁሉ አንድ መሰላል ያገባባታል። ቆዳ ፋቂዎች የቆዳ ባልዲ፣ ቀጥቃጩ የሚነደውን ክዳን መጎተቻ ረጅም መንጠቆ፣ የገመድ ገማጆች ቤት ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ገመድ። በሯን የሚይዛት አንዲት የእንጨት መወርወሪያ ብቻ ነበረች። ሕፃን ሊከፍታት ይችላል። ሕፃን እንዲከፍታት ተብሎ ነበር የተሠራችው።

እርግጥ ነው፣ ሰው ይዋሳል። ቤቱን ኖራ የሚቀባ መሰላል ይወስድና ይመልሳል። አንዳንዱ ሳይመልስ ይሰነብታል፤ ያን ጊዜ ሴቶቹ ውኃ ሲቀዱ ስሙን እያነሱ ያብጠለጥሉታል፣ አፍሮ ይመልሳል። አንዱ እንዲያውም መወጣጫው የተሰበረ መሰላል በኖራ ቀብቶ መልሶ፣ እስኪሞት ድረስ «ኖራው» ሲባል ኖሯል። የከተማው ሕግ ይኸው ነበር፤ በቂም ነበር።

ከዚያ ሹሙ መጡ። ስማቸው በሹመት ደብዳቤያቸው ላይ ይኖር ይሆናል፤ ከተማው የሚያውቃቸው ግን «ሰባት ቁልፍ» ብሎ ነው። በወገባቸው የቁልፍ እስር ታጥቀው ሲራመዱ እንደ በቅሎ ቃጭል ይንሿሿሉ። የጨው ቤቱን ቆለፉ፣ የሚዛን ቤቱን ቆለፉ፣ የደወሉን ገመድ እንኳ በሳጥን ቆለፉ። ሊቆለፍ የሚችል ነገር ክፍት ሆኖ ካዩ ሹመታቸው የጎደለ ይመስላቸዋል። በመጨረሻ ዓይናቸው የመሰላል ቤቷ ላይ ዐረፈ። «ይህ የመንግሥት ንብረት ነው፤ እንደ ባለቤት አልባ ከብት ሜዳ ላይ አይጣልም» አሉና፣ ቀጥቃጩን አስጠርተው የሁለት ጡጫ ያህል የሚሆን ጓጉንቸር አሠሩ። የማንን ንብረት ከማን እንደሚጠብቁት የጠየቃቸው አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ግን አንድ ነገር ለምነዋቸው ነበር። ከጉድጓዱ ፊት ለፊት ያለችው ዳቦ ጋጋሪ ሌት ተቀን ከምድጃዋ ስለማትለይ፣ ሁለተኛ ቁልፍ እሷ ዘንድ ይቀመጥ አሏቸው።

ሹሙ ከት ብለው ሳቁ። «ቁልፍ ሁለት ከሆነ ሹምም ሁለት ሆነ ማለት ነው» አሉ።

ሽማግሌዎቹም ተመለሱ። እንዲህ ያለ መልስ ተሰጥቷቸው ዝም ብለው መመለሳቸው ገመድ ገማጇን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል፤ ከተመለሱት አንዱ የገዛ አባቷ ነበሩና።

ቃጠሎው የተነሣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሻማ ሠሪው ሰም እያቀለጠ ሳለ ድስቱ ገነፈለ፤ እሳቱ ደረጃውን ይዞ ወጣ። ልብስ ሰፊው አንድ እግሩ ከልጅነቱ የማይታዘዝለት ሰው ነው፤ እንደ ጎረቤቶቹ በመስኮት ዘሎ አይወርድም። መስኮቱ ላይ ተደግፎ ቆመና የሰው ልብስ መወርወር ጀመረ።

«ይሄ የዳቦ ጋጋሪዋ ቀሚስ ነው፤ ጭቃ እንዳታስነኩት! ይሄ ደግሞ የሙሽራው ካፖርት፤ እጅጌው ገና አልተሰፋም፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ያግባ!» እያለ ይጮሃል። ከታች ያለው ሕዝብ በድንጋጤ መካከል ይስቃል። እህቱን ባየ ጊዜ ድምፁ ለሰለሰ። «እትዬ፣ መሰላሉን ሲያመጡ ቀስ ብለው ያምጡ። እኔ ልብሱን ልጨርስ።»

ሮጠች። የመሰላል ቤቱ ዘንድ ስትደርስ የከተማው ወንድ ሁሉ በሩ ላይ ተደርድሯል። ቀጥቃጩ ሸሚዙን አውልቆ፣ መዶሻውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጓጉንቸሩን ይደበድባል፤ ያለቅሳልም። «የገዛ እጄ ሥራ አልሰበር አለኝ! ምነው እጄ በተቆረጠ!» ሹሙ የሉም። ከሹማምንቱ ሁሉ ጋር፣ የአገረ ገዥውን አዲስ እንደራሴ ሊቀበሉ ከከተማው ውጭ ወዳለው ድልድይ ወጥተዋል፤ ቁልፎቹም ከወገባቸው ጋር ወጥተዋል። በቅሎ ነጂው ገና ጭሱ ሲታይ ወደዚያው ጋልቧል፣ ይመለሳል እያሉ መንገድ መንገዱን ያያሉ።

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ አይደለም? መሰላሉ እዚያው ነው። ከእነሱና ከመሰላሉ መካከል ያለው የእጅ ጣት የማታህል ቁልፍ ናት። እነሱም፣ እሷም ጭምር፣ በሩ ፊት ቆመው ይጮሃሉ። «አትንኩ» ሲባል የኖረ ሰው፣ ግድግዳ ጭቃ መሆኑን ይረሳል። ያን ጭቃ የረገጡት አያቶቹ መሆናቸውን ይረሳል። በሩ ሹም ሆኖበታል፤ ከበሩ ጋር ሲሟገት ቤቱን አያየውም።

ገመድ ገማጇ እንዴት ከሰዉ መካከል እንደወጣች አታስታውስም። የምታስታውሰው በቤቱ ጀርባ መቆሟን፣ ዝናብ የሰነጠቀውን ጭቃ ማየቷን፣ ከዚያም ተረከዟን ነው። አንድ ጊዜ መታችው፤ ጭቃው ፈረሰ። እንጨቱን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው፤ እንደ አሮጌ ቅርጫት ተፈታ። ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ለመክፈት አንድ ሰው ጫማውን ለማሰር የሚፈጅበትን ጊዜ አልፈጀባትም። አንዲት ሴት፣ ባዶ እጇን! ከፊት ለፊት የቀጥቃጩ መዶሻ አሁንም ይሰማ ነበር።

«ከኋላ ነው! ከኋላ ኑ!»

ረጅሙን መሰላል አውጥተው ሮጡ። ጫፉ የመስኮቱን ደፍ ሲነካ ልብስ ሰፊው የመጨረሻውን ልብስ፣ አንድ ወፍራም ጥቁር ካባ፣ በክንዱ ይዞ ነበር። እጁን ዘረጋ። የክፍሉ ወለል በዚያው ቅጽበት ከእግሩ ሥር ተደረመሰ። ካባው መሰላሉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ መስኮቱ ላይ ግን ሰው አልነበረም።

ሹሙ የደረሱት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከበቅሏቸው ወርደው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ፍርስራሹ አልነበረም። ወደ ጓጉንቸሩ ነው የሄዱት። አገላብጠው አዩት፣ አለመከፈቱን አረጋገጡ፣ ደስም አላቸው። ከዚያ ዞረው ቀዳዳውን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

በቅሎ ነጂው ወንድሟ በተቀበረ ማግስት ወደ ገመድ ዳሷ መጣ። ያ ዳስ የከተማውን ቅጥር ተደግፎ የተሠራ፣ ጠባብና ረጅም ነው፤ ገመድ ገማጅ ቃጫውን ወገቡ ላይ አስሮ ወደ ኋላ እየሄደ ስለሚሠራ፣ ርዝመት ከሌለው ሙያው የለም። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ወደ ኋላ ተራምደውበታል። በቅሎ ነጂው በሩ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን እያሸ ነገራት።

«ድልድዩ ላይ ደረስኩባቸው፣ እታለም። ጭሱ ከዚያ ይታያል እኮ! ‹ጌታዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ፣ ሰው ሊያልቅ ነው› አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ቁልፍ ከሹም እጅ አይወጣም፤ ክቡር እንደራሴው ካለፉ በኋላ ራሴ መጥቼ እከፍታለሁ› አሉኝ። ቁልፉ እኮ ወገባቸው ላይ ነው! እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር።»

«ለምን አልነጠቅካቸውም?»

«አንቺ ደግሞ!» አለና አቀረቀረ። «ለዳኛ ንገርልኝ እንዳትዪኝ። በቅሎዬን ከወሰዱብኝ ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ? ለአንቺ የነገርኩሽ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።»

እንግዲህ ዛሬ፣ በአደባባዩ ላይ፣ እንደራሴው በዳኝነት ወንበር ተቀምጠዋል። ወፍራም፣ ገራገር የሚመስሉ፣ ላባቸውን በመሐረብ የሚጠርጉ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ድልድዩ ላይ ሰልፍ የተሰለፈላቸው እኚሁ ናቸው። ከፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ጓጉንቸሩ በቀይ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፤ እንደ ታላቅ እንግዳ። ሹሙ ከአጠገቡ ቆመዋል።

«ይመልከቱልኝ፣ ክቡር እንደራሴ። የመዶሻው ጭረት ብቻ ነው ያለበት። አልተሰበረም፣ አልተከፈተም። እኔ የተሰጠኝን አደራ ጠብቄያለሁ። የከዳን ግድግዳው ነው።»

«እንግዲያው ግድግዳውን እሰሩት!» አለ አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል። ሳቅ ተነሣ። ዘበኞች ድምፁን ፈለጉ፤ ሁሉም ሰው ጫማውን ያይ ጀመር።

እንደራሴው ጓጉንቸሩን በእጃቸው መዘኑት። ቀጥቃጩን ጠሩና «አንተ ነህ የሠራኸው?» አሉት። «እኔ ነኝ ጌታዬ፤ እጄን ይቁረጠው» አለ። «ግሩም ሥራ ነው» አሉት። ቀጥቃጩ ምስጋናውን እንደ ጥፊ ተቀብሎ ወደ ሰዉ ተመለሰ። ሰው የሞተበትን ብረት በሰው ፊት እያመሰገኑ መሆናቸው ለእንደራሴው የታወቃቸው አይመስልም ነበር። ወይስ ታውቋቸዋል?

«ሕጉ ግልጽ ነው፣» አሉ ሹሙ። «የመንግሥት ጎተራ ያፈረሰ፣ የራሱ ጎተራ ይፈርሳል። የዚህች ሴት የገመድ ዳስ ይፍረስና እንጨቱ የተቀደደውን ግድግዳ ይድፈን።»

በዚያ ከተማ አንድ የቆየ ደንብ አለ። ተከሳሽ ከፍርድ በፊት ከሁለት ነገር አንዱን ይመርጣል፤ ምሕረት ወይም ጥያቄ። ምሕረት ከመረጠ ጥፋቱን አምኖ ይለምናል፣ ቅጣቱም ይቀርለታል። ጥያቄ ከመረጠ ምሕረቱን ያጣል፤ ግን ከከተማው ሰው የፈለገውን፣ ሹምም ቢሆን፣ ስለ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ አዋጅ ነጋሪው ያን ጥያቄ በየገበያው ቀን ማለዳ በአደባባዩ ይጮኸዋል፤ የተጠየቀው ሰው ቆሞ በገዛ አፉ እስኪመልስ ድረስ። ማንም መርጦት አያውቅም። ጥያቄ ምን ያበላል? ሁሉም ምሕረቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሹሙ ቁልፎቻቸውን እያንሿሹ ጠጋ አሏትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ አንቺ ሴት። እኔም አረመኔ አይደለሁም። ‹በሐዘን አእምሮዬን ስቼ ነው› በይ፣ በቃ። ዳስሽ ይተርፍልሻል። ለወንድምሽም መቃብር ድንጋይ አስጠርብልሻለሁ።»

ዳቦ ጋጋሪዋም ከፊት ረድፍ ሆና፣ ወንድሟ ከእሳት ያተረፈላትን ቀሚስ ለብሳ፣ በሹክሹክታ ትለምናታለች። «እታለም፣ የሞተ አይመለስም። ዳስሽን አትርፊ። በሞትኩልሽ፣ ዳስሽን አትርፊ!»

ገመድ ገማጇ ዳሱን አሰበች። የአባቷ ተረከዝ የቦረቦረውን ወለል፣ የቃጫውን ሽታ፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ክዳኑ ላይ የሚወርድበትን ድምፅ። ያ ከሄደ ሌላ የላትም። ቅጥሩ ሥር እንደዚያ ያለ ርዝመት ያለው ቦታ ዳግመኛ የሚሰጣት የለም። አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ አብጄ ነበር ማለት። ማን ይጎዳል?

ከዚያ ዓይኗ ቀይ ጨርቁ ላይ ያለውን ብረት አየ። እሷ ካበደች ጓጉንቸሩ ጤነኛ ሊሆን ነው። እሷ ካበደች ነገ ሌላ በር ይቆለፋል፤ ሌላ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ የሰው ልብስ ይወረውራል፤ ከተማውም በሩ ፊት ተሰልፎ ያለቅሳል።

«ተከሳሽ፣» አሉ እንደራሴው ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ምሕረት ወይስ ጥያቄ?»

«ጥያቄ።»

አዋጅ ነጋሪው፣ ድምፁ እንጂ ጉልበቱ ያልቀረለት ሽማግሌ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ጥያቄ አልኩ፣ አባባ!»

«ዳሱ ይፈርሳል፤ ገብቶሻል?» አሉ እንደራሴው። ለመጀመሪያ ጊዜ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ገብቶኛል። በአእምሮዬ ነኝ ጌታዬ፤ የዚያን ቀንም በአእምሮዬ ነበርኩ። በዚያች ሰዓት በዚህ ከተማ ጤነኛ የነበረ የእኔ ተረከዝ ብቻ ነው። እንዲያውም የሚቆጨኝ ዘግይቼ መምታቴ ነው።» የታሰሩ እጆቿን ወደ ሹሙ አነሣች። «ጥያቄዬ ለሰባት ቁልፍ ነው።»

በሕዝቡ መካከል ነፋስ የገባ መሰለ። ያን ስም ፊት ለፊት የጠራ ሰው አልነበረም። የሹሙ እጅ ሳያስቡት ወገባቸው ላይ ሄዶ ቁልፎቹን ጨመቀ፤ እንዳይሰሙ። ከኋላ፣ በበቅሎዎቹ መካከል፣ አንድ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። እንደራሴው ወደ ሹሙ ዞረው፣ ከሹሙ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው በድልድዩ በኩል ተመለከቱ፤ የሆነ ነገር፣ የዚያን ቀን በሰልፉ ጫፍ የታየ አንድ ላብ ያጠመቀው ጋላቢ፣ ትዝ እንዳለው ሰው።

ገመድ ገማጇ ጥያቄዋን ለአዋጅ ነጋሪው በጆሮው ነገረችው። ሽማግሌው ሰማ፤ ቀጥ ብሎም ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ የሹሞችን ቃል ለሕዝብ ሲጮኽ የኖረ ሰው፣ ዛሬ የሰውን ቃል ለሹም ሊጮኽ ደረቱን ነፋ።

«እናንት ያላችሁ ስሙ፣ የሌላችሁም ይድረሳችሁ! ገመድ ገማጇ ስለ ዳሷ ፈንታ ይህን ትጠይቃለች! ልብስ ሰፊው መስኮት ላይ ቆሞ መሰላል ሲጠብቅ ቁልፉ የት ነበር? ቁልፉን ሊወስድ ለመጣው ሰው ምን ተባለ? ሹሙ ሆይ፣ እዚሁ፣ በሁላችንም ፊት፣ በገዛ አፍዎ ይመልሱ!»